አይሁዳዊ ያልሆኑ ጎብኚዎች በአይሁድ ቅዱሳት ስፍራዎች ራስን የመሸፈን ልማድ

ወደ አይሁድ ቅዱሳት ስፍራዎች የሚገባ ወንድ፣ የእምነቱ ተከታይ ቢሆንም ባይሆንም፣ ራሱን ሸፍኖ እንዲገባ ይጠየቃል። ልማዱ ይበልጥ የሚታወቀው በኢየሩሳሌም በሚገኘው ምዕራባዊ ግንብ፣ በዕብራይስጥ አጠራሩ ኮቴል፣ ቢሆንም በምኩራቦች፣ በአይሁድ መካነ መቃብሮችና በያድ ቫሼም የመታሰቢያ አዳራሽም ይሠራበታል። የተለመደው መሸፈኛ ኪፓ የምትባለው ትንሽ ክብ ቆብ ስትሆን ኮፍያ፣ ባርኔጣ ወይም ጥምጣምም በቂ ነው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የኦሪት ሕግ ስለ ራስ መሸፈኛ የሚናገረው በዘጸአት ምዕራፍ 28 ስለ ካህናት አልባሳት ሲደነግግ ነው፤ ተራውን ሰው የሚመለከት ትእዛዝ በኦሪት አይገኝም። የጥንት ረቢዎች ትምህርትና ሕግ ስብስብ የሆነው ታልሙድ ግን ረብ ሁና የተባለው የኢያሱ ልጅ ራሱን ሳይሸፍን አራት ክንድ ያህል እንኳ እንደማይራመድ፣ ምክንያቱም የእግዚአብሔር ክብር ከራሱ በላይ እንዳለ ያምን እንደነበር ይተርካል። በ16ኛው መቶ ዘመን ዮሴፍ ካሮ ሹልሓን ዓሩኽ በተባለው የሕግ መጽሐፉ ይህንኑ ጠባይ እንደ ሥርዓት አስፍሮታል። በዚያው መቶ ዘመን በፖላንድ የነበሩት ረቢ ሰሎሞን ሉሪያ ራስን ሳይሸፍኑ መጸለይን የሚከለክል ሕግ እንደማያውቁ ጽፈዋል፤ በ17ኛው መቶ ዘመን ደግሞ ረቢ ዳዊት ሃሌዊ ሰጋል፣ ክርስቲያኖች ራሳቸውን ገልጠው ስለሚጸልዩ አይሁዳዊ እነርሱን መምሰል የለበትም በማለት ጥብቅ አቋም ወስደዋል። ስለዚህ ጉዳዩ ከሕግ ይመደብ ወይስ ከመልካም ልማድ በሚለው ላይ ሊቃውንቱ ተስማምተዋል ለማለት ያስቸግራል።

አይሁዳዊ ያልሆነውን ጎብኚ በሚመለከት ግን ነገሩ ግልጽ ነው። በረቢዎች ትምህርት የኖኅ ልጆች ሁሉ፣ ማለትም የሰው ዘር በሙሉ፣ ከሚጠበቁባቸው ሰባት ትእዛዛት መካከል ራስን መሸፈን የለበትም። እንግዳው የሚጠየቀው ለስፍራው ክብር እንዲሰጥ እንጂ እምነት እንዲቀበል አይደለም። እንግዳን የመቀበሉ ነገር ራሱ ጥንታዊ ነው፤ ንጉሥ ሰሎሞን ቤተ መቅደሱን ሲመርቅ ባደረሰው ጸሎት ከሩቅ አገር መጥቶ ወደዚያ ቤት የሚጸልየውን ባዕድ ሰው እግዚአብሔር እንዲሰማው ለምኗል (1ኛ ነገሥት 8፥41-43)።

በኦቶማን ዘመን በኢየሩሳሌም ሙስሊሙም፣ ክርስቲያኑም፣ አይሁዱም ፌዝ የተባለውን ቀይ ቆብ ወይም ጥምጣም አድርጎ ይሄድ ስለነበር ራስን መሸፈን እንግዳን ከባለቤት የሚለይ ነገር አልነበረም። ከ1948 እስከ 1967 ግንቡ በዮርዳኖስ ይዞታ ሥር ነበር፤ እስራኤላውያንም ሊደርሱበት አልቻሉም።

ዛሬ የምናውቀው አሠራር የተደራጀው ከ1967ቱ የስድስቱ ቀናት ጦርነት በኋላ ነው። የእስራኤል ወታደሮች ግንቡ ጋ የደረሱት በጁን 7 ሲሆን በቀናት ውስጥ ከፊቱ የነበረው የመግሪቦች ሰፈር ፈርሶ፣ ነዋሪዎቹም ተነሥተው፣ ጠባቡ መተላለፊያ ሰፊ አደባባይ ሆነ። በዚያው ወር የወጣው የቅዱሳት ስፍራዎች ጥበቃ ሕግ ማንኛውንም ቅዱስ ስፍራ ያረከሰ ሰው እስከ 7 ዓመት፣ ምእመናን ወደ ቅዱሳን ስፍራዎቻቸው በነፃነት እንዳይደርሱ ያደናቀፈ ደግሞ እስከ 5 ዓመት በሚደርስ እስራት እንደሚቀጣ ይደነግጋል። ሕጉ ስለ ኪፓ አንድም ቃል አይናገርም፤ ልማዱን የሚያስጠብቁት የስፍራው አስተዳዳሪዎች ናቸው። ወደ ወንዶች ክፍል በሚያስገባው መንገድ ላይ ኪፓ ላልያዘ ሰው በነፃ የሚታደሉ ቆቦች ይቀመጣሉ፤ ቀድሞ ከካርቶን ይሠሩ ነበር፣ ኋላ ግን ቀጫጭን የጨርቅ ቆቦች ተተክተዋል። ሚሊዮኖች የሚመላለሱበት ስፍራ አንድም እንግዳ ቆብ በማጣት ብቻ እንዳይመለስ ማሰቡ ሊመሰገን የሚገባው መስተንግዶ ነው። ሴቶች ትከሻቸውንና ጉልበታቸውን እንዲሸፍኑ ይጠየቃሉ፤ ለዚህም ሻርፕ ይቀርብላቸዋል፤ ጎብኚ ሴት ፀጉሯን እንድትሸፍን ግን አትገደድም።

ታዋቂ እንግዶችም በዚሁ ሥርዓት አልፈዋል። ባራክ ኦባማ በ2008 የፕሬዚዳንትነት ዕጩ ሳሉ፣ ዶናልድ ትራምፕም በሜይ 2017 በሥልጣን ላይ እያለ ግንቡን የጎበኘ የመጀመሪያው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ሲሆኑ፣ ኪፓ አድርገው ቀርበዋል። የሮማው ጳጳስ ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ በማርች 2000 በግንቡ ድንጋዮች መካከል የጸሎት ወረቀት ሲያኖሩ የነበረችው የማዕረጋቸው ነጭ ቆብ ራሷ በቂ ነበረች።

ለኢትዮጵያውያን ተሳላሚዎች ነገሩ የራሱ ክብደት አለው። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ቀሳውስት ይጠመጥማሉ፤ ምእመን ወንድ ግን ጫማውን አውልቆ ራሱን ገልጦ ይገባል፤ ለዚህም ሐዋርያው ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ 11 የጻፈው ይጠቀሳል። ለትንሣኤ ኢየሩሳሌም የሚሄድ ተሳላሚ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት በሚኖሩበት በዴር ሡልጣን ገዳም ቆቡን አውልቆ ይጸልያል፤ ጥቂት ደቂቃ በእግር ተጉዞ ኮቴል ሲደርስ መልሶ ይደፋል። ይህን እንደ ሃይማኖት መለወጥ የሚቆጥሩ አሉ፤ አባባላቸው ግን መሠረት የለውም፤ የቤቱ ባለቤቶች ራሳቸው እንዲህ ያለ ትርጉም አይሰጡትምና። ነጠላ ለለበሰች ኢትዮጵያዊት ደግሞ ለአንዱም ለሌላውም ያው ነጠላዋ ይበቃታል። የቤተ እስራኤል ቄሶች ነጭ ጥምጣም ይጠመጥማሉ፤ በኢትዮጵያ ሳሉም ወደ ጸሎት ቤታቸው የሚገቡት ጫማቸውን አውልቀው ነበር፤ በዚህ ረገድ ከክርስቲያን ጎረቤቶቻቸው ጋር ይመሳሰሉ ነበር።

በአውሮፓ እንደ ጎብኚ ስፍራም በሚያገለግሉት ጥንታዊ ምኩራቦች፣ ለምሳሌ በፕራግ በ13ኛው መቶ ዘመን በተሠራው አሮጌ-አዲስ ምኩራብና በ1859 በተጠናቀቀው የቡዳፔስት የዶሃኒ መንገድ ምኩራብ፣ ወንዶች ራሳቸውን እንዲሸፍኑ ይጠየቃሉ። በአሜሪካ ግን በ19ኛው መቶ ዘመን ሪፎርም የተባለው የአይሁድ እምነት ክፍል ማኅበራት ይህን ልማድ ትተው ነበር፤ ዛሬ በብዙዎቹ ኪፓ ማድረግና አለማድረግ ለምእመኑም ለእንግዳውም ፈቃድ የተተወ ነው።