ውርጭ የሚችለው ባሕር ዛፍና የሚወሩበት ስህተቶች

ባሕር ዛፍ ሲባል ለእኛ ትዝ የሚለን በአጤ ምኒልክ ዘመን ከባሕር ማዶ የመጣው ነጩ ነው። በትውልድ አገሩ በአውስትራሊያ ግን ዝርያው ብዙ ነው። አንዱ ስኖው ገም ይባላል። በኮሲየስኮ ተራራ አካባቢ በረዶ ተሸክሞ ይከርማል። እዚያው አውስትራሊያ ከዘር ላፍላው ካሉ፣ የሚሰሙት ምክር ሁሉ ልክ አይደለም።

«ስኖው ገም እስከሆነ ድረስ የትኛውም ዘር ውርጭ ይችላል።» አይችልም። ይህ ዛፍ ከባሕር ጠረፍ አቅራቢያ አንስቶ ዛፍ እስከሚያበቃበት ተራራ ድረስ ይበቅላል። የታችኛው የላይኛውን ብርድ አለመደም። ዘር ሲገዙ ከየት እንደተለቀመ ይጠይቁ።

«በሁለት ሳምንት ካልበቀለ ዘሩ ሞቷል።» ብዙ ሰው ተስፋ ቆርጦ አፈሩን የሚደፋው እዚህ ጋ ነው። ነጭ ባሕር ዛፍ ያፈላ ሰው ደግሞ ይብሳል፤ ያኛው ዘር ብርድ ሳይጠብቅ ብቅ ይላላ! የስኖው ገም ዘር ግን አልሞተም፣ ተኝቷል። በበልግ ቢበቅል ለጋው ቡቃያ በክረምቱ ውርጭ ያልቅ ነበር። ስለዚህ ክረምት ማለፉን ሳያውቅ አይነቃም። እኛም እናታልለዋለን። ዘሩን ከእርጥብ አሸዋ ጋር ቀላቅለው በላስቲክ ከረጢት ፍሪጅ ውስጥ፣ 4 ዲግሪ አካባቢ፣ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ያቆዩት። ፍሪዘር አላልኩም። ደረቁን ማስገባትም ከንቱ ልፋት ነው፤ ውሃ ያልጠጣ ዘር ብርዱን አይቆጥረውም።

ሲዘሩትም አይቅበሩት። ደቃቅ ስለሆነ ስስ አሸዋ ብቻ ነስነስ ያድርጉበት።

«ዛፉ ውርጭ ከቻለ ችግኙም ይችላል።» ከጥላ የወጣ ለጋ ቅጠል በአንድ ሌሊት ይቃጠላል። ቀስ በቀስ ያለማምዱት። ጎድጓዳ ቦታም አይትከሉ፤ ቀዝቃዛ አየር እንደ ውሃ ቁልቁል ወርዶ እዚያ ይተኛል።

«ትልቅ ችግኝ ይሻላል።» ሥሩ ዕቃው ውስጥ ከተጠማዘዘ በኋላ? ስንዝር ሲሞላ ይትከሉት።

«ቅጠሉ ከነደደ አበቃለት።» ነጩ ባሕር ዛፍ ተቆርጦ ከጉቶው ሲያቆጠቁጥ አላዩም? ስኖው ገምም ከግንዱ ግርጌ እብጠት ያበጃል፤ የተኙ እምቡጦች ያሉት እዚያ ነው። ችግኙ እብጠቱን ካበጀ አይንቀሉት፤ ሙቀቱ እስኪመለስ ይታገሡት።