ሬቲኖል፦ አጠቃቀሙና የጎንዮሽ ጉዳቶቹ

ሬቲኖል ከቫይታሚን ኤ ወገን የሆነ፣ በክሬም ወይም በሴረም (በቀጭን ፈሳሽ) መልክ የሚቀባ ንጥረ ነገር ነው። ቆዳ ውስጥ ሲገባ መጀመሪያ ወደ ሬቲናልዴይድ፣ ከዚያም ወደ ሬቲኖይክ አሲድ ይለወጣል፤ ሥራውን የሚሠራው ይህ አሲድ ነው። ሐኪም የሚያዘው ትሬቲኖይን ግን ከመነሻው ራሱ ሬቲኖይክ አሲድ በመሆኑ ይበልጥ ኃይለኛ ነው፤ ቆዳንም ይበልጥ ያስቆጣል። ሬቲኖል የላይኛው ቆዳ ቶሎ እንዲታደስና ቆዳን የሚያጠነክረው ኮላጅን የተባለ ፕሮቲን እንዲመረት ስለሚያግዝ ለብጉር፣ ለቀጫጭን መጨማደድና ለጠቆሩ ነጠብጣቦች ይፈለጋል።

ጀማሪ ከ0.1 እስከ 0.3 በመቶ ያለውን መርጦ በሳምንት ሁለት ሌሊት ብቻ ይቀባ። የአውሮፓ ኅብረትም እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ደንብ በፊት መዋቢያዎች ውስጥ ያለው ሬቲኖል ከ0.3 በመቶ እንዳይበልጥ ወስኗል። ማታ ፊት ከታጠበ በኋላ እስኪደርቅ 20 ደቂቃ ያህል መጠበቅ ይበጃል፤ እርጥብ ቆዳ ላይ ሲቀባ ያቃጥላል። ለመላው ፊት አተር የምታክል ትበቃለች፦ ግንባር፣ ሁለቱ ጉንጮችና አገጭ ላይ ነጥብ ነጥብ አድርጎ በስሱ ማዳረስ ነው። የዓይን ቆብ፣ የአፍንጫ ጎንና የከንፈር ዳር ቀድመው ስለሚላጡ ይታለፋሉ። ቆዳው ቶሎ የሚቆጣ ሰው ከሥርም ከላይም ማለስለሻ ክሬም ያድርግ።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መድረቅ፣ መቅላትና መላላጥ የተለመደ ነው። ብጉርም ወትሮ በሚወጣበት ቦታ ለጊዜው ሊበዛ ይችላል። ብዙዎች ግን መላላጡን የመሥራቱ ምልክት አድርገው ያዩትና መጠኑን ይጨምራሉ፤ ትልቁ ስህተት ይህ ነው። በተለይ በጠቆረ ቆዳ ላይ የተቆጣው ቦታ ሲድን ለወራት የማይለቅ ጥቁር ምልክት ይተዋል። ነጠብጣብ ሊያጠፋ የጀመረ ሰው ሌላ ነጠብጣብ ያተርፋል ማለት ነው። ውኃ ሲነካው እንኳ የሚያቃጥል ከሆነ ሬቲኖሉን ማቆም፣ ቆዳው እስኪረጋጋ ማለስለሻ ብቻ መቀባት፣ ከዚያ በሳምንት አንድ ሌሊት እንደገና መጀመር ነው። ውኃ የቋጠረ ወይም ያበጠ ፊት ግን የቆዳ ሐኪም ይየው።

ቆዳ የሚልጡ አሲዶችን በዚያው ሌሊት አለመደረብ፣ ጠዋት ደግሞ የመከላከል መጠኑ (SPF) 30 እና ከዚያ በላይ የሆነ የፀሐይ መከላከያ መቀባት ግድ ነው። ነፍሰ ጡርና ለማርገዝ ያሰበች ሴት ከነጭራሹ አትጠቀመው፤ የሚዋጠው የወገኑ መድኃኒት አይሶትሬቲኖይን ፅንስ ላይ ከባድ ጉዳት እንደሚያደርስ የተረጋገጠ ነው። ብርሃንና አየር ስለሚያበላሹት ብርሃን በማያሳልፍ ቱቦ ውስጥ ያለውን መግዛት ይሻላል። ለውጡ በደንብ የሚታየው ብዙውን ጊዜ ከ12 ሳምንት ያህል በኋላ ነው።