«የሐኪም ረዳት ነው አይደል?» እና ሌሎች ስለ ፒኤ ትምህርት የሚወሩ ነገሮች

አዲሱ ሴሚስተር ሰኞ ይጀምራል። ፋርማኮሎጂ፣ ፓቶፊዚዮሎጂ፣ ክሊኒካል ሜዲስን፣ የአካል ምርመራ፣ ሁሉም በአንዴ። አሜሪካ ውስጥ ፊዚሺያን አሲስታንት፣ ባጭሩ ፒኤ፣ ለመሆን እየተማርኩ ነው። ሳልዋጥ በፊት ሰዎች የሚሉኝን፣ እኔም ራሴ አምኜው የገባሁትን ነገር ላጥራ።

«ፒኤ ማለት ሐኪሙን የሚያግዝ፣ ግፊት የሚለካ ሰው ነው።»

አይደለም። እሱ ሜዲካል አሲስታንት ነው፣ ሌላ ሙያ። ፒኤ በሽተኛ ይመረምራል፣ ላብራቶሪ ያዛል፣ በሽታውን ይለያል፣ በ50ውም ግዛቶች መድኃኒት ይጽፋል። ከሐኪም ጋር ያለው የሥራ ግንኙነት እንደየግዛቱ ሕግ ይለያያል። ጉድ የሠራን «አሲስታንት» የሚለው ቃል ነው፤ የሙያ ማኅበሩም በ2021 ስያሜው «ፊዚሺያን አሶሲየት» እንዲሆን ወስኗል።

«አጭር ስለሆነ ይቀላል።»

ፕሮግራሙ በአማካይ 27 ወር አካባቢ ነው፤ ሐኪም ለመሆን 4 ዓመት ሜዲካል ስኩል፣ ከዚያ ቢያንስ 3 ዓመት ሬዚደንሲ፣ ማለትም ሆስፒታል ውስጥ በክትትል እየሠሩ መሠልጠን፣ ያስፈልጋል። ግን ያጠረው ጊዜው እንጂ ነገሩ አልቀለለም። ሙያውን በ1965 ዱክ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የጀመሩት ዶክተር ዩጂን ስቴድ መነሻቸው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ሐኪሞች በጥድፊያ የሠለጠኑበት መንገድ ነበር፤ የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎችም ከባሕር ኃይል የወጡ 4 የሕክምና ባለሙያዎች ነበሩ። ጥድፊያው እንግዲህ ከውልደቱ ነው። አንዱም ትምህርት ለብቻው አያቅትም፤ የሚያቅተው ዛሬ ያልገባህ ነገር ላይ ነገ ሌላ መከመሩ ነው።

«ደጋግሞ ያነበበ ያልፋል።»

እኔን ያስለቀሰኝ ይሄ ነው። ባለፈው ሴሚስተር የደም ግፊት መድኃኒቶችን ስላይድ አራት ጊዜ አነበብኩ፣ አሰመርኩ፣ ገጹ ቢጫ ብቻ ሆነ። ፈተናው መጣ፦ ሊዚኖፕሪል የጀመረች ሴት ደረቅ ሳል ይዟታል፣ ምን ይደረግላት? የመድኃኒቱን ስም አውቀዋለሁ፣ ስላይዱ ላይ የቱ ጥግ እንደተጻፈ ሁሉ ይታየኛል፣ መልሱ ግን ወፍ የለም።

አሁን ስላይዱን ዘግቼ ባዶ ወረቀት ላይ ከጭንቅላቴ እጽፋለሁ። በ«ፕሪል» የሚያልቁት መድኃኒቶች ኤሲኢ የሚባለውን ኢንዛይም ይገታሉ፤ ይኸው ኢንዛይም ብራዲካይኒን የሚባል ነገርም ይሰባብር ስለነበር፣ እሱ ሲታገድ ብራዲካይኒኑ ይጠራቀምና ሳሉን ያመጣል፤ ስለዚህ ኢንዛይሙን በማይነካው፣ በ«ሳርታን» በሚያልቅ ይቀየርላታል። አንዴ እንዲህ ከጻፍኩት አይጠፋኝም። ሮዲገርና ካርፒክ የተባሉ ተመራማሪዎች በ2006 ያሳተሙት ጥናትም ይህንኑ ነው የሚያሳየው፦ ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደግመው ያነበቡት በለጡ፣ ከሳምንት በኋላ ግን ራሳቸውን የፈተኑት። ማታ አንብቦ «ገባኝ» ብሎ መተኛት ለምን እንደሚያታልል አያችሁ?

«ሆስፒታል የሠራ ሰው አይቸገርም።»

በሽተኛ ፊት አይደናገጥም፣ እሱ እውነት ነው። አምቡላንስ ላይ መሥራት ግን የኩላሊትን ፊዚዮሎጂ አያስተምርም። እንዲያውም «ይሄንን አውቀዋለሁ» ብሎ መዝለል ይመጣል።

«ክፍሉ ውስጥ ሁሉም ገብቶታል፣ ከእኔ በቀር።»

አልገባቸውም። ጠይቄያቸዋለሁ።

«ተመርቀህ ፈተናውን ካለፍክ በኋላ ተገላገልክ።»

መጀመሪያ ክፍል ውስጥ ዓመት ያህል፣ ከዚያ ክሊኒካል ሮቴሽን (በየሕክምና ክፍሉ እየተዘዋወሩ በሽተኛ ላይ መለማመድ)፣ ከዚያ ፓንሲ የሚባለው 300 ጥያቄ ያለው ብሔራዊ ፈተና። ከዚያስ? ሰርተፊኬቱ እንዳይቃጠል በየ2 ዓመቱ 100 ክሬዲት ተከታታይ ትምህርት፣ በየ10 ዓመቱ ደግሞ እንደገና ምዘና። እናቴ በደወለች ቁጥር «ይሄ ትምህርት መቼ ነው የሚያልቀው?» ትለኛለች። እስካሁን አልነገርኳትም።