መቶኛ ምንድን ነው?

አንድን ሙሉ ነገር መቶ እኩል ቦታ ብንከፍለው እያንዳንዱ ቁራጭ አንድ መቶኛ ይባላል። 35 በመቶ (35%) ማለት ከመቶው ቁራጭ 35ቱ ነው፤ በክፍልፋይ 35/100፣ በአስርዮሽ 0.35 ተብሎ ይጻፋል። ትርጉሙ ይኸው ነው። አብዛኛው ስህተት የሚመጣው ግን ትርጉሙን ካለማወቅ አይደለም፤ «የምን 35 በመቶ?» ብሎ ካለመጠየቅ ነው። 35 በመቶ ለብቻው ብዛት አይሆንም፤ የ240 ሲሆን 84፣ የ20 ሲሆን 7 ነው። ስለዚህ ከስሌቱ በፊት መቶ በመቶ የተባለው ቁጥር የትኛው እንደሆነ ለይቶ መጻፍ ይገባል። ይህን ቁጥር መነሻ እንበለው።

መነሻው ከታወቀ ሥራው ማባዛት ነው፦ 0.35 × 240 = 84። በቃል ሲሰላ ደግሞ የ240 10 በመቶ 24 ነው፤ 30 በመቶው ሦስት እጥፉ፣ 72፤ 5 በመቶው የ24 ግማሽ፣ 12። ሲደመር 84። እዚህ ላይ 5 በመቶን 0.5 ብሎ መጻፍ የተለመደ ስህተት ነው። 0.5 ግማሽ፣ ማለትም 50 በመቶ ስለሆነ መልሱ አሥር እጥፍ ይበልጣል። ትክክለኛው 0.05 ነው።

መነሻው ራሱ ሲጠየቅ ነገሩ ይገለበጣል። «የአንድ ቁጥር 30 በመቶ 45 ከሆነ ቁጥሩ ስንት ነው?» ሲባል ብዙዎች 0.3ን በ45 አባዝተው 13.5 ይላሉ። 45 ግን የተቆረጠው ክፍል እንጂ ሙሉው አይደለም። 30 ቁራጭ 45 ከሆነ አንዱ ቁራጭ 45 ÷ 30 = 1.5 ይሆናል፤ መቶው ቁራጭ 150። ለማረጋገጥ፦ 0.3 × 150 = 45። ሙሉው ከክፍሉ አንሶ ከተገኘ (13.5 ከ45 እንደሚያንሰው) መንገዱ እንደተሳተ ወዲያው ይታወቃል።

ከሁሉም በላይ የሚያሳስተው ጭማሪና ቅናሽ ነው። 80 በ25 በመቶ ሲጨምር 100 ይሆናል። ያ 100 መልሶ በ25 በመቶ ሲቀንስ ግን ወደ 80 አይመለስም፤ 75 ይሆናል። የመጀመሪያው 25 በመቶ የ80 ነበር፣ 20፤ ሁለተኛው የ100 ነው፣ 25። መነሻው በመሀል ተቀይሯል። ከ100 ወደ 80 ለመመለስ የሚበቃው ቅናሽ 20 በመቶ ነው።

በዚሁ ምክንያት «20 በመቶ ጨምሮ 300 ሆነ፤ በፊት ስንት ነበር?» ሲባል ከ300 ላይ 20 በመቶውን፣ 60ን፣ ቀንሶ 240 ማለት አያዋጣም። 240 በ20 በመቶ ቢጨምር 288 እንጂ 300 አይሞላም። 300 የመነሻው 120 በመቶ ስለሆነ 300 ÷ 1.2 = 250 ነው።

ሁለት መቶኛዎች ሲነጻጸሩም ጥያቄው ያው ነው። አንድ መጠን ከ40 በመቶ ወደ 50 በመቶ ሲያድግ ልዩነቱ 10 የመቶኛ ነጥብ ይባላል። በ40ው ላይ ከተለካ ግን እድገቱ 25 በመቶ ነው፤ 10 የ40 ሩብ ነውና። ሁለቱም አባባሎች ትክክል ናቸው፤ «በ10 በመቶ አደገ» ማለት ግን ስህተት ነው፣ 40 በ10 በመቶ ቢያድግ 44 ነው የሚሆነው።