አሚኖ ምንድን ነው? ለጂም የተገዛው ዱቄት ለፈተና የማይሆነው ለምንድን ነው?

ባለፈው ሳምንት ድሬዳዋ ሳቢያን ሰፈር አንዲት ጎረቤቴ መንገድ ላይ አስቆመችኝ፣ ልጇ ዘንድሮ 12ኛ ክፍል ነው፣ ከፌስታል አንድ ትልቅ ጣሳ አወጣችና "አቦ ይሄን ጠዋት ጠዋት ልስጠው? ለማስታወስ ጥሩ ነው ብለውኝ ነው የገዛሁት" አለችኝ። ጣሳው ላይ ቢሲኤኤ ይላል። ጂም የሚሰሩ ልጆች በአጭሩ አሚኖ የሚሉት ዱቄት ማለት ነው። ይሄን ጥያቄ በዚህ ዓመት ስንቴ እንደሰማሁት አላውቅም፣ ባዮኬሚስትሪ አስተምራለሁና ሰው ሁሉ ወደኔ ነው የሚመጣው፣ ስለዚህ አንዴ ልጻፈውና ይውጣልኝ።

አሚኖ አሲድ የፕሮቲን መሥሪያ መሆኑን፣ ከ20ዎቹ 9ኙን ሰውነታችን መሥራት ስለማይችል በምግብ ማግኘት እንዳለብን፣ ይሄን ይሄን ከትምህርት ቤት ታውቁታላችሁ፣ አልደግመውም። እኔን የሚያበሳጨኝ ሌላ ነው። አንድ ወንድማችን በቪዲዮ "ማስታወስ የሚሠራው በግሉታሜት ነው፣ ግሉታሜት ደግሞ አሚኖ አሲድ ነው፣ ስለዚህ ብዙ አሚኖ የወሰደ ተማሪ ብዙ ያስታውሳል" ሲል ሰማሁት። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ልክ ናቸው። የተበላሸው "ስለዚህ" ያልከው ላይ ነው ወንድሜ።

ግሉታሜት ለትምህርት ወሳኝ ነው፣ አልክድም። ብሊስና ሎሞ የሚባሉ ተመራማሪዎች በ1973 (በፈረንጆቹ ነው) ባወጡት ሥራ የጥንቸል ሂፖካምፐስ (ለማስታወስ ወሳኝ የሆነው የአንጎል ክፍል) ውስጥ ያለን መስመር ደጋግመው ሲቀሰቅሱት ግንኙነቱ እንደሚጠነክርና ለሰዓታት እንደሚቆይ አሳይተዋል፣ እዛ መስመር ላይ መልእክት የሚያቀብለው ግሉታሜት ነው። ግን ያ ግሉታሜት ከሳህናችሁ የመጣ አይደለም! አንጎል እዛው ራሱ ከግሉኮስ ነው የሚሠራው፣ ተጠቅሞ ሲጨርስም አጠገቡ ያሉት ደጋፊ ሴሎች ሰብስበው ግሉታሚን ወደሚባል ሌላ አሚኖ አሲድ ቀይረው ይመልሱለታል። የበላነውን ግሉታሜትማ የአንጀት ሴሎች አብዛኛውን ለራሳቸው ጉልበት ያቃጥሉታል፣ ከነሱ የተረፈውን ደግሞ በደምና በአንጎል መካከል ያለው አጥር አያሳልፈውም። እንኳንም አላሳለፈው፣ ምክንያቱም ግሉታሜት ከሴል ውጪ ሲጠራቀም የአንጎል ሴል ይገድላል፣ ስትሮክ ላይ ከሚደርሱት ጉዳቶች አንዱ ይሄው ነው።

እሺ ሌሎቹስ አይገቡም ወይ? ይገባሉ፣ ግን ተጋፍተው ነው።

ከድሬ ሐረር የሚሄድ ሚኒባስ አስቡ። ወንበሩ የተቆጠረ ነው፣ ትርፍ አይጭንም። አጥሩ ላይ ያለው አጓጓዥ ፕሮቲን እንደዛ ነው። ትሪፕቶፋን፣ ታይሮሲን፣ ፌኒልአላኒን፣ ሉሲን፣ አይሶሉሲን፣ ቫሊን፣ ሁሉም የደንገጎን ዳገት የሚወጡት በዚህ አንድ ሚኒባስ ነው። ትሪፕቶፋን አንጎል ሲደርስ ሴሮቶኒን ይሆናል፣ ታይሮሲን ዶፓሚንና ኖርአድሬናሊን ይሆናል፣ እነዚህ ለትኩረትና ለማስታወስ የምንፈልጋቸው የአንጎል መልእክት አቀባዮች ናቸው። ችግሩ ትሪፕቶፋን በምግብ ውስጥ ከሁሉም ጥቂቱ ነው፣ መናኸሪያው ላይ ብቻውን የቆመ ሰው በሉት። እና ጎረቤቴ የገዛችው ቢሲኤኤ ምንድን ነው? ሉሲን፣ አይሶሉሲንና ቫሊን! ማለትም ለዛ ብቸኛ ተሳፋሪ እንዲመቸው ብላ ሠላሳ ሰው ከነሻንጣው አምጥታ በሩ ላይ አቆመችበት። አይጥ ላይ ሲሞከር እነዚህ ሦስቱ ሲበዙ አንጎል የሚገባው ትሪፕቶፋንና ታይሮሲን ይቀንሳል። ለማስታወስ የተገዛው ነገር ሥራው ግፊያ መጨመር ነው ማለት ነው።

ምሳሌውን ትንሽ ልግፋው። ኢንሱሊን መናኸሪያው ላይ መጥቶ "አወዳይ አወዳይ!" እያለ እነ ሉሲንን ጠርቶ ወደ ጡንቻ ይዟቸው የሚሄድ ሌላ ረዳት ነው። እነሱ ሲሄዱ ለትሪፕቶፋን ወንበር ይለቀቃል። ለዚህ ነው ስኳርና ዳቦ ብቻ የሆነ ምግብ ትሪፕቶፋን ብዙም ሳይኖረው የትሪፕቶፋንን ድርሻ ከፍ የሚያደርገው፣ ፕሮቲን የበዛበት ምግብ ደግሞ ትሪፕቶፋን እያለው ድርሻውን የሚቀንሰው። ፈርንስትሮምና ወርትማን የሚባሉ ተመራማሪዎች በ1970ዎቹ መጀመሪያ አይጥ ላይ ያሳዩት ነው፣ እኔ መጀመሪያ ሳነበው ሁለት ቀን አላመንኩትም። እንደገና ደግሞ ይሄ ሚኒባስ አንድ ሰው ሳያወርድ አንድ አይጭንም፣ ከውስጥ አንድ አሚኖ አሲድ ሲወጣ ነው ከውጪ አንዱ የሚገባው። አሁን ይሄን ሰምታችሁ ለልጁ ዳቦ በስኳር ብቻ አብሉት ማለቴ አይደለም እሺ፣ ትንሽ ፕሮቲን ከተቀላቀለበት የትሪፕቶፋን ድርሻ ከፍ ማለቱ ይጠፋል፣ እንጀራ በሽሮ የበላ ሰው ላይ ብዙም አትጠብቁት። ደግሞ ትሪፕቶፋን ደም ውስጥ አብዛኛው አልቡሚን የሚባል የደም ፕሮቲን ላይ ተለጥፎ ነው የሚሄደው፣ ሚኒባስ ምሳሌዬ ለሱ ቦታ የለውም።

ግፊያው እውነት መሆኑን በሰው ላይ በግልጽ የሚያሳየው ፌኒልኬቶኑሪያ ነው። ኖርዌጂያዊው ፎሊንግ በ1934 ያገኘው በሽታ ነው፣ ሕፃኑ ፌኒልአላኒንን ወደ ታይሮሲን መቀየር አይችልም፣ ፌኒልአላኒኑ ደም ውስጥ ይከማቻል፣ ሚኒባሱን ይሞላዋል፣ ካልታከመ ልጁ ላይ ከባድ የአእምሮ ዕድገት ጉዳት ያመጣል። ከተወለደ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ፌኒልአላኒን የቀነሰ ምግብ ከተጀመረለት ግን ጉዳቱን መከላከል ይቻላል። ከተረከዝ በምትወሰድ ጠብታ ደም ነው የሚታወቀው። እኔ ተማሪዎቼን አንድ ነገር ብቻ አስታውሱ ብባል ይሄን ነው የምላቸው፣ እዚህ ልጅ ላይ አንድ አሚኖ አሲድ በመብዛቱ ነው ጉዳቱ የመጣው።

መቀነስስ? ጤነኛ ሰዎች ትሪፕቶፋን የሌለበት የአሚኖ አሲድ ድብልቅ ሲጠጡ በሰዓታት ውስጥ ደማቸው ላይ ትሪፕቶፋን ይወርዳል፣ ቀደም ብለው ያጠኑትን የቃላት ዝርዝር ቆይተው ሲጠየቁም የሚያስታውሱት ያንሳል። ታይሮሲን ደግሞ ብርድ ላይ የቆየ ወይ እንቅልፍ ያጣ ሰው ላይ ትንሽ ሲረዳ ታይቷል። ሁለቱን ሳያችሁ የሚገባችሁ ነገር ቢኖር ጉድለት ይጎዳል፣ በደንብ በበላና በተኛ ልጅ ላይ መጨመር ግን ያንን ያህል ነገር አያመጣም።

ስለዚህ እኛ አካባቢ ጥያቄው ጉድለቱ የት ነው የሚለው ነው። ሐረርጌ ማሽላ በላ ነው፣ ማሽላ ደግሞ ከ9ኙ አንዱ የሆነው ላይሲን ያንሰዋል፣ ሉሲን ይበዛዋል። ላይሲን ካነሰ ሰውነት ሌሎቹን አሚኖ አሲዶች ፕሮቲን አድርጎ መሥራት ያቅተዋል፣ ሕፃን ላይ ይሄ ለዓመታት ከቀጠለ አንጎልም ከሰውነቱ ጋር ይጎዳል። ደስ የሚለው ግን በ1973 ሲንግና አክስቴል የሚባሉ ተመራማሪዎች ላይሲን የበዛበት የማሽላ ዘር ብለው ለዓለም ያሳወቁት ከኢትዮጵያ የሄደ ነው፣ የወሎ ገበሬ እሸቱን ጠብሶ የሚበላው፣ ወተት በጉንጬ የሚለው ዓይነት። ፍሬው የተጨማደደ ስለሆነ ምርቱ ያንሳል፣ ለዛ ነው በየገበያው የማታዩት። እሱ ባይኖርም ሽሮ አለ፣ ምስር አለ፣ ባቄላ አለ፣ እነዚህ ላይሲን የሞላባቸው ናቸው፣ እነሱ ያነሳቸውን ሜቲዮኒን ደግሞ ማሽላው ይሰጣል። የማሽላ እንጀራ በሽሮ ማለት ሁለቱ ተሟልተው የቀረቡበት ገበታ ነው፣ ዋጋው ደግሞ ከዛ ጣሳ ጋር አይወዳደርም።

ለጎረቤቴም ይሄንኑ ነው ያልኳት። ልጁ የለመደውን ቁርስ ይብላ፣ የፈተና ቀን አዲስ ነገር አይሞከርበትም፣ ማታ ይተኛ። ደግሞ ሳትጠይቀኝ አንድ ነገር ጨመርኩላት፣ አይረን ያነሰው ልጅ ምንም አሚኖ አሲድ ቢሟላለት ትኩረቱ ይደክማል፣ ሻይ ደግሞ አይረኑን ያስቀርበታል፣ ስለዚህ ሻዩን ከምሳው ጋር አትስጪው፣ አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ ይጠጣ።