የዴድ ኬኔዲስ የመጀመሪያ አልበምና የስላቁ ስልት

«ፍሬሽ ፍሩት ፎር ሮቲንግ ቬጅቴብልስ» የሳን ፍራንሲስኮው የፐንክ ሮክ (ፈጣንና ቁጡ የሮክ ሙዚቃ ዓይነት) ቡድን ዴድ ኬኔዲስ በሴፕቴምበር 1980 ያወጣው የመጀመሪያ አልበም ነው (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ርዕሱ «ለበሰበሱ አትክልቶች ትኩስ ፍራፍሬ» እንደ ማለት ሲሆን፣ 14ቱ ዘፈኖች ተደማምረው ከግማሽ ሰዓት ብዙም አያልፉም። ቡድኑ አሜሪካዊ ቢሆንም ሸክላውን ያሳተመለት ቼሪ ሬድ የተባለ አነስተኛ የእንግሊዝ ኩባንያ ነበር፤ በእንግሊዝ የአልበሞች ሰንጠረዥም እስከ 33ኛ ደረጃ ደርሷል። በዘመኑ ቁጣን የሚያሰሙ ሸክላዎች ብዙ ነበሩ። ይህ አልበም ከእነርሱ የሚለየው በጠላቶቹ ላይ የሚሳለቀውን ያህል በገዛ አድማጮቹም ላይ በመሳለቁ ነው።

አልበሙን ከተወለደበት ከተማ ነጥሎ ማየት አይቻልም። ኖቬምበር 27 ቀን 1978 የሳን ፍራንሲስኮ ከንቲባ ጆርጅ ሞስኮኔ፣ እንዲሁም ተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪነቱን ሳይደብቅ በሕዝብ ከተመረጡት የመጀመሪያዎቹ አሜሪካውያን አንዱ የነበረው የከተማው ምክር ቤት አባል ሃርቪ ሚልክ፣ በማዘጋጃ ቤቱ ውስጥ በጥይት ተገደሉ። ገዳያቸው ዳን ዋይት የቀድሞ ፖሊስ ሲሆን፣ ከግድያው ጥቂት ቀደም ብሎ ከዚያው ምክር ቤት በገዛ ፈቃዱ የለቀቀ ሰው ነበር። ሜይ 21 ቀን 1979 ጁሪው (ከተራ ዜጎች የተውጣጣው የፈራጆች ቡድን) ዋይትን ጥፋተኛ ያደረገው ታስቦበት በተፈጸመ ከባድ ግድያ ሳይሆን ቀለል ባለው የግድያ ወንጀል ነበር፤ በኋላ የተፈረደበትም ሰባት ዓመት ከስምንት ወር ብቻ ሆነ። የጁሪው ውሳኔ በተሰማበት ምሽት የተቆጣው ሕዝብ ወደ ማዘጋጃ ቤቱ ተመመ፤ መስኮቶች ተሰባበሩ፣ የፖሊስ መኪናዎችም ነደዱ። የአልበሙ ሽፋን የዚያ ሌሊት ፎቶግራፍ ነው፤ ተደርድረው የቆሙ የፖሊስ መኪናዎች ሲጋዩ ያሳያል። ስላቁ ከምን ዓይነት ንዴት እንደመነጨ አድማጩ መርፌውን ሸክላው ላይ ከማሳረፉ በፊት ይረዳል።

ድምፃዊው ጄሎ ቢያፍራ (እውነተኛ ስሙ ኤሪክ ቡሸር ነው) በዚያው በ1979 ለከተማዋ ከንቲባነት ተወዳድሮ ነበር። ነጋዴዎች በከተማው ክልል ውስጥ የሰርከስ አሳቂ ልብስ እንዲለብሱ የሚያስገድድ ደንብ አወጣለሁ ሲል ቀለደ፤ በዚያው አንደበቱ ደግሞ ፖሊሶች በሚጠብቁት ሰፈር ነዋሪዎች ድምፅ እንዲመረጡ፣ ግብር ያልተከፈለባቸው ባዶ ሕንፃዎችም መጠለያ ለሌላቸው እንዲፈቀዱ ጠየቀ። ከ6,000 በላይ ሰዎችም መረጡት። ቀልድና ቁም ነገርን ሳይለዩ በአንድ ትንፋሽ መናገር የአልበሙም ዋና ስልት ነው። ቢያፍራ የሚጠላውን ሰው ከውጭ ቆሞ አይሰድብም፤ በዚያው ሰው አንደበት ይዘፍናል።

የመክፈቻው ዘፈን «ኪል ዘ ፑር» (ድሆችን ግደሉ) የዚህ ስልት ምሳሌ ነው። ርዕሰ ጉዳዩ ኒውትሮን ቦምብ፣ ማለትም ሕንፃና ንብረትን በአብዛኛው ሳያፈርስ ሰውን በጨረር ይገድላል እየተባለ በእነዚያ ዓመታት አሜሪካን ያከራከረው መሣሪያ ነው። ዘፈኑ እንደ በዓል መዝሙር በዝግታ ይጀምርና በድንገት ይፈጥናል፤ ተራኪው ሥራ አጦች ከነሰፈራቸው የተወገዱበትን ሌሊት በሻምፓኝ የሚያከብር ሹም ነው። ከሁሉ የሚያመው ግን በተቃውሞ ፖለቲካዋ የምትታወቀው ተዋናይ ጄን ፎንዳ በስክሪን ቀርባ ለዘብተኞቹን (ሊበራሎቹን) ነገሩ ምንም አይደለም ብላ እንዳሳመነቻቸው በመሐል ጣል የሚያደርገው ስንኝ ነው። ስላቁ ቦምቡን ካዘዘው ሹም አልፎ ለማመን የተጣደፈውንም ይነካል።

«ካሊፎርኒያ ኡበር አለስ» (ካሊፎርኒያ ከሁሉ በላይ) የግዛቱን የጊዜውን አገረ ገዥ ጄሪ ብራውንን ያናግራል። ብራውን ለዘብተኛ ዴሞክራት፣ ለዜን (የቡድሂዝም ዘርፍ) አስተምህሮ ቅርብ የሆነና የወጣቶችን ቋንቋ የሚያውቅ ፖለቲከኛ ነበር፤ ዘፈኑ ግን ፕሬዚዳንት ሆኖ ዜጎችን በግድ የሚያስቅና የሶምሶማ ሩጫ የሚያስሮጥ ፈላጭ ቆራጭ አድርጎ ይስለዋል። እንደ ትንቢት ከተመዘነ አልበሙ ከተሳሳተባቸው ቦታዎች ዋናው ይህ ነው፤ በ1980 ምርጫ ዋይት ሐውስ የገባው ሮናልድ ሬገን ሲሆን፣ ቡድኑም በ1981 ግጥሙን ለሬገን እንዲስማማ ለውጦ እንደገና ቀርጾታል። እንደ ሐሳብ ግን ዘፈኑ አሁንም ይቆማል፤ ጭቆና የግድ ቡትስ ጫማ አጥልቆ አይመጣም፣ ፈገግ ብሎና ስለ ጤና እየሰበከ ሊመጣም ይችላል ይላልና።

የአልበሙ ቁንጮ «ሆሊዴይ ኢን ካምቦዲያ» (ዕረፍት በካምቦዲያ) ነው። ዘፈኑን የሚከፍቱት ቤዝ ጊታሩና በማሚቶ የተዋጠው ጊታር ሲሆኑ፣ አንዱ ሌላውን በጨለማ የሚከታተል ያህል ያስፈራሉ። ግጥሙ የሚናገረው አንድ ሁለት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ቆይቶ ሁሉን የጨረሰ ስለሚመስለው፣ ጃዝ መስማቱን እንደ ማስረጃ እየቆጠረ የጥቁሮችን ሰፈር መከራ አውቃለሁ ስለሚል ባለጸጋ ወጣት ነው። እንግዲያው ይላል ቢያፍራ፣ ለዕረፍት ካምቦዲያ ሂድ፤ በቀን አንድ ሳሕን ሩዝ እየተሰጠህ ከጠመንጃ አፈሙዝ ሥር ትሠራለህ። መጨረሻው ላይ የካምቦዲያን አምባገነን የፖል ፖትን ስም ደጋግሞ ይጠራል። ያን ጊዜ ፖል ፖት የሚመራው የኮሚኒስት ቡድን ክመር ሩዥ ከሥልጣን ከወረደ ገና ሁለት ዓመት አልሞላውም፤ ከ1975 እስከ 1979 በገዛበት ዘመን በረሃብ፣ በጉልበት ሥራና በግድያ ያለቀው ሕዝብ በሚሊዮን የሚቆጠር ነበር። በ1980 ይህን ሸክላ ይገዛ የነበረው ሰው በአብዛኛው ያ ተማሪ ራሱ ነውና፣ የጅራፉ ጫፍ የሚያርፈው ገንዘብ ከፍሎ በሚያዳምጠው ላይ ነው።

ይሁንና በዚሁ ዘፈን ላይ አንድ ከባድ ጥያቄ ይነሣል። ካምቦዲያውያኑ ራሳቸው በውስጡ የሉም፤ መከራቸው አንድን አሜሪካዊ መቅጫ ብቻ ሆኗል። የድምፃዊው የመድረክ ስምም ከዚህ አይርቅም፤ ጄሎ የታወቀ የአሜሪካ ጣፋጭ ምግብ ስም ሲሆን፣ ቢያፍራ ደግሞ ከ1967 እስከ 1970 በተካሄደው የናይጄሪያ የእርስ በርስ ጦርነት ሕፃናት በረሃብ ያለቁባት ምድር ናት። የሁለቱ መጋጨት ጥጋብና ረሃብ በአንድ ዓለም ጎን ለጎን መኖራቸውን ያጋልጣል፤ ነገር ግን ያን ረሃብ የኖረበት ሰው ስሙን ከመድረክ ሲሰማ ይስቃል ብሎ መጠበቅ አይቻልም። አልበሙ ይህን ጥያቄ አልመለሰውም፣ የጠየቀውም አይመስልም።

ሙዚቃው ከዘመኑ ፐንክ ብልጫ ያገኘው ከጊታሪስቱ ኢስት ቤይ ሬይ ነው። ማሚቶ በሚፈጥር መሣሪያ የሚያልፈው ጨዋታው ከካሊፎርኒያ ሰርፍ ሮክ (የባሕር ዳርቻ ወጣቶች የጊታር ሙዚቃ)ና ከስለላ ፊልም ዜማዎች የተቀዳ ሲሆን፣ የቢያፍራን የሚንቀጠቀጥ ከፍተኛ ድምፅ ተሸክሞ ይሄዳል። ቤዙን ክላውስ ፍሎራይድ፣ ድራሙን ቴድ በሚል ስም ብቻ የተጠቀሰው ተጫዋች ይዘዋል። ዘፈኖቹ ሁሉ ግን እኩል አይደሉም። «አይ ኪል ችልድረን» (ሕፃናትን እገድላለሁ) የገዳይን አንደበት ቢዋስም ከማስደንገጥ በስተቀር የሚያጋልጠው ሥልጣንም ሆነ ልማድ ስለሌለው የስልቱን ወሰን ያሳያል፤ በአንጻሩ ቤት አከራዩን የሚያብጠለጥለው «ሌትስ ሊንች ዘ ላንድሎርድ» ከሚያፈስስ ጣሪያና ከሚከረፋ ምድጃ ተነሥቶ ቁጣውን ቀስ በቀስ ስለሚገነባ ያሳምናል።

በ1981 ቴድ ለቆ ዲ. ኤች. ፔሊግሮ ተተካ፤ ቡድኑም በ1986 ተበተነ። ከዓመታት በኋላ ሌሎቹ የቡድኑ አባላት ቢያፍራንና የሚመራውን ኦልተርኔቲቭ ቴንታክልስ የተባለ አሳታሚ ባልተከፈለ የሮያሊቲ (ከሸክላ ሽያጭ ለሙዚቀኞቹ የሚደርስ) ገንዘብ ከሰሱ፤ በ2000 ጁሪው ለከሳሾቹ ፈረደ። ቢያፍራ የጠቡ መነሻ «ሆሊዴይ ኢን ካምቦዲያ» ለጂንስ አምራቹ ሊቫይስ ማስታወቂያ እንዲውል አልፈቅድም ማለቱ ነው ሲል፣ ሌሎቹ ይህን አስተባብለዋል። ከ2001 ጀምሮ ቡድኑ ያለ ቢያፍራ እንደገና መድረክ ላይ ወጥቷል፤ ግጥሞቹንም ሌሎች ድምፃውያን ይዘፍኗቸዋል።