የባህር ዳርቻ አሸዋ ሙሌት ምንድን ነው? ወጪውንስ ማን ይሸፍናል?

ሞገድ የባህር ዳርቻን ሲበላ መጀመሪያ የሚወስደው አሸዋውን ነው። አሸዋው ሲያልቅ ተራው የመንገዱና የቤቱ ይሆናል። አሸዋ ሙሌት ማለት እንግዲህ የተወሰደውን ያህል አሸዋ ከሌላ ቦታ አምጥቶ መመለስ ነው።

መርከብ ከዳርቻው ርቆ ከባህሩ ወለል አሸዋን ከነውሃው እየመጠጠ ይጭናል፤ ከዚያ ተጠግቶ በወፍራም ቱቦ ወደ ዳርቻው ይገፋዋል። ከቱቦው አፍ የሚወጣው ጭቃ የመሰለ ፈሳሽ ነው። ውሃው ወደ ባህሩ ሲመለስ አሸዋው ይቀራል፤ ቡልዶዘር ይደለድለዋል። የቅንጣቱ መጠን ቀላል ጉዳይ እንዳይመስላችሁ፤ ከነባሩ አሸዋ የደቀቀ ከሆነ ሞገዱ ቶሎ ጠርጎት ይሄዳል።

ግንብ አይሻልም ወይ የሚል አይጠፋም። ግንብ ከኋላው ያለውን ያተርፋል። ሞገዱ ግን ግንቡን መትቶ ሲመለስ ከፊቱ ያለውን አሸዋ እየቦረቦረ ይወስዳል፤ ቤቱ ቆሞ ዳርቻው ይጠፋል።

ወጪው የመንግሥት የሚሆነው አሸዋ አጥር ስለማያውቅ ነው። አንዱ ከፍሎ ያስሞላውን ሞገዱ ወደ ጎረቤት ይወስደዋል፤ ያልከፈለውም ይጠቀማል። እንዲህ ከሆነ ማን ይጀምራል? ደግሞም አንዴ ተሞልቶ የሚያበቃ አይደለም፤ ባህሩ መብላቱን አይተውም። ስለዚህ በጀቱ እንደ መንገድ ጥገና በየዓመቱ የሚያዝ መሆን አለበት እላለሁ።

ይህን በደንብ የተረዳችው ኔዘርላንድስ ናት። እ.ኤ.አ. በ1990 የዳርቻዋ መስመር በዚያ ዓመት ከነበረበት ወደ ኋላ እንዳይሸሽ ወሰነች፤ ለዚህም ከ2001 ወዲህ በዓመት 12 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ አሸዋ ስታፈስ ኖራለች። በ2011 ደግሞ በደቡብ ሆላንድ ጠረፍ 21.5 ሚሊዮን ሜትር ኩብ አንድ ቦታ ላይ ከመረች፤ ነፋስና ሞገድ ራሳቸው በዳርቻው ላይ እንዲያከፋፍሉት።

በአሜሪካ የፌዴራል መንግሥቱ በተለምዶ ከመጀመሪያው ሙሌት 65 በመቶ፣ ከተከታዮቹ 50 በመቶ ይሸፍናል፤ ቀሪው የክፍለ ግዛቱና የአካባቢው ድርሻ ነው። ገንዘቡን ኮንግረስ መመደብ ስላለበት ዳርቻው እየተበላ ወረፋ የሚጠብቅበት ጊዜ አለ። አንድ ደንብ ግን ደስ ይለኛል፦ ሕዝብ የማይገባበት የግል ዳርቻ ከዚህ ገንዘብ ድርሻ የለውም። የሕዝብ ገንዘብ የፈሰሰበት አሸዋ ላይ ማንም ሰው ጫማውን አውልቆ መሄድ መቻል አለበት፤ መግቢያ መንገድና መኪና ማቆሚያም ከዕቅዱ ጋር አብሮ ይጠየቃል።